ስበት የሚበጠስ ገመድ አይደለም፦ ለተማሪዎች በተበተነ የሥነ ፈለክ ጽሑፍ ላይ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ አራት ገጽ የታተመ ወረቀት ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ይኼ እርስዎ ካስተማሩን ጋር አይገጥምም፤ ለፈተና የቱን እንያዝ?» ስትል ጠየቀችኝ። ወረቀቱ ስለ ስበት፣ ስለ ጨረቃ፣ ስለ ባሕር ውኃ ሙላትና ጉድለት እንዲሁም ስለ ተወርዋሪ ኮከብ ለተማሪዎች ለማስረዳት የተጻፈ ሲሆን የጸሐፊው ስም አልሰፈረበትም፤ እየተባዛ ወደ ሌሎች ክፍሎችም መግባቱን በኋላ ተረዳሁ። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከከባቢ አየር በላይ ስበት ስለሌለ ጠፈርተኞች ይንሳፈፋሉ፤ ጨረቃ አየር ስለሌላት ስበትም የላትም፤ ጨረቃ የምትጎድለው የምድር ጥላ ስለሚያርፍባት ነው፤ አንድ ፊቷን ብቻ የምናየው በራሷ ዛቢያ ላይ ስለማትዞር ነው፤ ከባሕር በላይ ስታልፍ ውኃውን ወደ ላይ ስለምታነሣው ባሕር በቀን አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ጣናም እንዲሁ፤ ተወርዋሪ ኮከብ ደግሞ ከአየር ጋር ሲፋተግ የሚነድ የኮከብ ስባሪ ሲሆን መሬት ሲደርስ እሳት ይለኩሳል።

ጽሑፉ ሁሉ ነገሩ የተበላሸ ነው አልልም። አማርኛው የጠራ ነው፤ ጨረቃ የራሷ ብርሃን እንደሌላት፣ ከምድር ያላት አማካይ ርቀትም 384,400 ኪሎ ሜትር እንደሆነ በትክክል አስቀምጧል። ከላይ የዘረዘርኳቸው ስድስት ነጥቦች ግን ስሕተት ናቸው፤ አብዛኞቹም ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። ጸሐፊው ስበትን የሚያስቡት እንደ ገመድ ነው፤ ለእሳቸው ስበት ወይ ታስሯል፣ ወይ ተበጥሷል። እውነተኛው ስበት ግን እየራቁት ሲሄዱ ይሳሳል እንጂ የትም ቦታ ላይ አይበጠስም፤ የጠፈርተኛውንም የባሕሩንም ጉዳይ የሚፈታው ይህ እየሳሳ መሄዱ ነው።

ከጠፈርተኞቹ እንጀምር። አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው እንዳሳየው፣ የምድር ስበት የሚቀንሰው ከምድር መካከል በሚለካው ርቀት ካሬ ልክ ነው። የምድር ሬዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ሲሆን ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ከምድር ገጽ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል፤ ስለዚህ ከምድር መካከል ያለው ርቀት 6,771 ኪሎ ሜትር ነው። 6,371ን ለ6,771 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ብናባዛው 0.885 እናገኛለን። መሬት ላይ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ የሆነው የስበት መጠን እዚያ ላይ 8.7 ገደማ ነው ማለት ነው፤ ጠፈርተኛው ከመሬት ስበት ያመለጠው ከመቶ 12 እጁን ብቻ ነው። ስበቱ ጨርሶ ባይኖርማ ጣቢያው ምድርን መዞሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጠፈር በነጎደ ነበር። ከጣቢያው አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ከምድር ርቃ የምትገኘው ጨረቃ እንኳ ምድርን ትዞራለች፤ ጸሐፊው ይህን በሦስተኛው ገጽ ላይ ራሳቸው ጽፈውታል፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ካሉት ጋር መጋጨቱን ግን አላስተዋሉም።

ታዲያ ጠፈርተኞቹ ለምን ይንሳፈፋሉ? እየወደቁ ስለሆነ ነው። ጣቢያው በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን እየበረረ ወደ ምድር ይወድቃል፤ ምድር ክብ ስለሆነች በወደቀ ቁጥር መሬቱም ከሥሩ ጎብጦ ይሸሸዋል፤ እንዲህ እየወደቀ ነገር ግን ሳይደርስ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ምድርን አንድ ጊዜ ይዞራል። ጠፈርተኛው፣ መቀመጫው፣ የሚጠጣው ውኃ፣ ሁሉም አብረው እኩል ስለሚወድቁ አንዱ በሌላው ላይ አይጫንም፤ ክብደት የለም የምንለው ይህንን ነው።

ይህን ለማሳየት ሮኬት አያስፈልግም። ባዶ የሃይላንድ ፕላስቲክ ከታች በኩል ጎኑ በምስማር ይበሳል፤ ቀዳዳው በጣት ተይዞ ውኃ ይሞላል፤ ክዳኑ ክፍት ይተዋል። ጣቱ ሲነሣ ውኃው በቀጭኑ መፍሰስ ይጀምራል። ከዚያ ፕላስቲኩ ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ይለቀቃል፤ እየወደቀ ሳለ ከቀዳዳው የሚወጣው ውኃ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ተማሪዎቼ ዓይናቸውን ስላላመኑ በስልክ ቀርጸው አዘግይተው ደጋግመው አይተውታል። (ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሞክረው ከሥር ያለፉት የጥበቃ ሠራተኛ እስከ ዛሬ የእኔን ትምህርት በበጎ ዓይን አያዩትም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።) በረንዳው ላይ ስበቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ውኃው በፕላስቲኩ ላይ የነበረው ጫና ነው፤ ሁለቱ እኩል እየወደቁ ነውና።

ጨረቃ አየር ስለሌላት ስበት የላትም የሚለው ደግሞ ምክንያትና ውጤትን ያቀያየረ ነው። አየር ስበትን አይፈጥርም፤ ይልቁንም ስበት ነው አየርን ይዞ የሚያቆየው፤ የጨረቃ ስበት አነስተኛ ስለሆነ ጋዞችን ይዛ ማቆየት አልቻለችም። የጨረቃ ገጽ ስበት 1.62 ሜትር በሰከንድ ካሬ፣ ማለትም የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው፤ እዚህ ሚዛን ላይ ስትወጣ 60 ኪሎ ግራም የምታነብ ተማሪ ያንኑ ሚዛን ይዛ ጨረቃ ላይ ብትወጣ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ታነባለች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው እጁ የጭልፊት ላባ ይዞ ጨረቃ ላይ በካሜራ ፊት ቆመና ሁለቱን እኩል ለቀቃቸው። ሁለቱም እኩል መሬት ነኩ። አየር ባለመኖሩ ላባውን የሚያዘገየው ነገር አልነበረም፤ ስበት በመኖሩ ደግሞ ሁለቱም ወደቁ። ከ1 ሜትር ከ50 የተለቀቀ ዕቃ ጨረቃ ላይ ለመውደቅ 1.4 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል፤ እዚህ ግን ከ0.6 ሰከንድ አይበልጥም።

አሁን ወደ ጥላው ነገር እንለፍ፤ ይህ ስሕተት በተማሪዎች ብቻ ሳይሆን በመምህራንም ዘንድ ሥር የሰደደ ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልያዘው። ጥላ ሁልጊዜ የሚወድቀው ከብርሃኑ በተቃራኒ ነው። ጨረቃ እየሞላች ሄዳ ግማሽ በምትሆንበት ቀን ምሽት 12 ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቶ ለሚመለከት ሰው፣ ፀሐይ በስተ ምዕራብ እየጠለቀች ጨረቃ ከአናቱ በላይ ወይም ወደ አናቱ ቀርባ ትገኛለች። በዚያች ሰዓት የምድር ጥላ የተዘረጋው ወደ ምሥራቅ ነው፤ ጨረቃዋ ግን እላይ ናት። ከዘጠና ዲግሪ ማዕዘን ማዶ ያለ ጥላ እንዴት አድርጎ ግማሿን ሊሸፍናት ይችላል? የምናየው ጨለማ ግማሽ ጥላ ያረፈበት ሳይሆን ለጨረቃ ሌሊት የሆነበት ክፍል ነው። ብርቱካን በእስክሪፕቶ ጫፍ ሰክቶ በጨለማ ክፍል ውስጥ አንድ አምፖል ፊት ለፊት ቆሞ በእጁ እየያዘ በራሱ ዙሪያ የሚዞር ልጅ፣ ብርቱካኑ ሁልጊዜ ግማሹ የበራ ሆኖ ሳለ ለእሱ ግን አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ግማሽ፣ አንዴ ቀጭን ማጭድ መስሎ ሲታየው ነገሩ ያለ ብዙ ንግግር ይገባዋል።

የምድር ጥላ ጨረቃ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ አለ፤ እሱ የጨረቃ ግርዶሽ ይባላል፤ የሚሆነውም ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ብቻ ነው። በየወሩ የማይሆንበት ምክንያት የጨረቃ ምህዋር ምድር ፀሐይን ከምትዞርበት ጠለል 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ በመሆኑ ነው። 5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፀሐይም ጨረቃም በሰማይ ላይ የሚይዙት ስፋት ግማሽ ዲግሪ ስለሆነ፣ ጨረቃ እስከ አሥር ራሷን የሚያህል ርቀት ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ልታልፍ ትችላለች ማለት ነው። በፀሐይ ግርዶሽም እንዲሁ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ የታየችው፣ አዲስ ጨረቃ በትክክል በፀሐይና በእኛ መካከል ስላለፈችና የዚያን ዕለት ርቀቷ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ለመሸፈን ጥቂት ያህል ስላነሳት ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ በነበሩት ወራት አዲስ ጨረቃ ላሊበላ ላይ ቀለበት አላሳየችም።

እግረ መንገዴን ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ልበል። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ገና መታየት የጀመረች ቀጭን ጨረቃ ሥዕል ቀጥ ብሎ የቆመ ማጭድ ነው፤ ከሰሜን አገሮች መጽሐፍ የተቀዳ ለመሆኑ አያጠራጥርም። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ምሽት ላይ ጨረቃ በስተ ምዕራብ ስትታይ ቀንዶቿን ወደ ላይ አድርጋ እንደ ታንኳ ተኝታ ነው የምናያት። ተማሪው በዓይኑ የሚያየውና በወረቀት ላይ የተሰጠው ሲለያዩበት የሚጠራጠረው ዓይኑን ነው፤ ይህ ደግሞ ከቁጥር ስሕተት ይብሳል።

የባሕሩ ጉዳይ ከሁሉም የከበደ ነው። በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ፤ ጸሐፊው «ማዕበል» ይሉታል፤ ማዕበል ግን በአማርኛችን ነፋስ የሚያስነሣው ነው። እዚህ የምንናገርለት የባሕሩ ውኃ በሰዓታት ውስጥ ቀስ ብሎ ወደ ዳርቻው መሙላቱና መጉደሉ ስለሆነ ሙላትና ጉድለት ብለነው እንቀጥል። ሙላት በቀን አንድ ጊዜ ሳይሆን በአብዛኛው ዳርቻ ሁለት ጊዜ፣ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይመጣል። ይህ ብቻውን የጸሐፊውን ማብራሪያ ይጥለዋል፤ ጨረቃ ውኃውን ወደ ራሷ እያነሣችው ቢሆን ኖሮ፣ እሷ በምድር ማዶ ባለችበት ሰዓት ሁለተኛው ሙላት ከየት ይመጣል?

መልሱን ከበረንዳው ፕላስቲክ ጋር አያይዤ ልናገር። ምድርም ራሷ ወደ ጨረቃ እየወደቀች ናት፤ ሁለቱ በጋራ የክብደት ማዕከላቸው ዙሪያ ይዞራሉ። ፕላስቲኩ ትንሽ ስለሆነ ውኃውና ዕቃው እኩል ይወድቃሉ፤ ምድር ግን ወርዷ 12,742 ኪሎ ሜትር ስለሆነ እኩል ልትወድቅ አትችልም። ወደ ጨረቃ የዞረው ባሕር ከምድር መካከል የበለጠ ይሳባል፤ የምድር መካከል ደግሞ በማዶ ካለው ባሕር የበለጠ ይሳባል። ስለዚህ የቅርቡ ውኃ ቀድሞ ይሄዳል፣ የማዶው ውኃ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሁለት እብጠት የሚፈጠረው በዚህ ነው። ጨረቃ በዚህ መካከል በምህዋሯ ወደ ፊት ስለምትራመድ በማግሥቱ ሙላቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ጸሐፊው «ፀሐይ ሩቅ ስለሆነች ባሕሩን አትነካውም» ማለታቸውም ከዚሁ አለመግባባት የመነጨ ነው። ሒሳቡን በብርና በሳንቲም እንሥራው። ጨረቃ ምድርን የምትስብበትን ኃይል 1 ብር ብንለው፣ ፀሐይ የምትስብበት 179 ብር ገደማ ነው፤ ርቃለች ነገር ግን እጅግ ግዙፍ ናት። ሙላትን የሚፈጥረው ግን ጠቅላላው ብር ሳይሆን በምድር ቅርብ ገጽና በማዶው ገጽ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለጨረቃ የምድር ወርድ ከርቀቷ አንጻር ቀላል አይደለምና ልዩነቱ 6.6 ሳንቲም ይሆናል። ፀሐይ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ለእሷ የምድር ሁለት ገጾች እኩል ርቀት ላይ እንዳሉ ያህል ነው፤ ከ179 ብሯ ላይ የሚገኘው ልዩነት 3 ሳንቲም ብቻ ነው። ፀሐይ በስበት እጅግ ትበልጣለች፣ በሙላት ግን ከጨረቃ ግማሽ አትሞላም። ያም ቢሆን 3 ሳንቲም ባዶ አይደለም፤ በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ሁለቱ በአንድ መስመር ስለሚተባበሩ ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ይላል፤ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን ግን እርስ በርስ ስለሚቃረኑ ልዩነቱ ይጠባል።

ጣናን በተመለከተ፣ ጨረቃ ውኃ ወደ ላይ የማንሣት አቅም የላትም፤ ይህ ልዩነት የምንለው ኃይል ከመሬት ስበት 9 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ያንሳል። የምታደርገው ነገር ቢኖር በሺህ ኪሎ ሜትር በሚለካ ስፋት ላይ ያለውን ውኃ በትንሽ በትንሹ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ ያ ሁሉ ትንሽ ተጠራቅሞ ዳርቻው ላይ ሜትር ይሆናል። ጣና ከጫፍ እስከ ጫፍ 84 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚጠራቀመው በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ቆሞ የሚታየው ከፍና ዝቅ የነፋስና የዝናብ ሥራ ነው። በባሕርም ቢሆን የዳርቻው ቅርጽ ወሳኝ ነው። ቀይ ባሕር ጠባብና ሊዘጋ ምንም ያልቀረው ስለሆነ ምጽዋ ላይ ልዩነቱ ከ1 ሜትር ብዙ አይርቅም፤ በካናዳ የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን 16 ሜትር ይደርሳል። ጅቡቲ ወደብ ጭነት ሲጠብቅ የዋለ ሹፌር ጠዋት ውኃ የነበረው ዳርቻ ከሰዓት በኋላ ጭቃና አሸዋ ሆኖ ሲያገኘው ያየውን ነገር ከብዙ ተማሪ በተሻለ ያውቀዋል።

ጨረቃ አትዞርም የሚለውን እዚህ ድረስ ያቆየሁት መልሱ ከሙላት ጋር ስለሚገናኝ ነው። አንድ ልጅ በክፍሉ መካከል ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላው ፊቱን ከወንበሩ ሳያዞር ዙሪያውን ይሂድ፤ አንድ ዙር ሲጨርስ የክፍሉን አራት ግድግዳዎች በየተራ ፊት ለፊቱ አይቷቸዋል፤ ማለትም በራሱም ላይ አንድ ጊዜ ዞሯል። ጨረቃም በ27.3 ቀን ምድርን አንድ ጊዜ፣ ራሷንም አንድ ጊዜ ትዞራለች። (በባሕረ ሐሳብ የምንቆጥረው 29 ቀን ተኩል ከአዲስ ጨረቃ እስከ አዲስ ጨረቃ ያለው ነው፤ ምድርም በፀሐይ ዙሪያ ስለተራመደች ጨረቃ ለመድረስ ሁለት ቀን ይጨምርባታል። ዐሥራ ሁለቱ 354 ቀን ይሆናል፤ ከ365 ጋር ያለው የ11 ቀን ልዩነት አበቅቴ የሚቆጠርበት ነው።) ሁለቱ ዙረቶች የተካከሉት በአጋጣሚ አይደለም፤ የምድር ስበት ልዩነት የጨረቃን ጠጣር አካል ለረጅም ዘመን ሲጎትተው ኖሮ ፍጥነቷን ስላቀዘቀዘው ነው። ያው ሥራ ዛሬም በተቃራኒው ይቀጥላል፦ የባሕራችን እብጠት ጨረቃን በዓመት 3.8 ሴንቲ ሜትር ያርቃታል፤ ይህም የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ በተዉት መስታወትና ከዚያ በኋላ በተተከሉት ላይ የሌዘር ብርሃን እየላኩ በመለካት የታወቀ ነው።

የቀረው ተወርዋሪ ኮከብ ነው። ስሙ ኮከብ ይሁን እንጂ ኮከብም የኮከብ ስባሪም አይደለም፤ የእኛ ኮከብ ፀሐይ እንኳ በወርድ ምድርን 109 ጊዜ ትበልጣለች። አብዛኛው ተወርዋሪ የአሸዋ ቅንጣት ቢያክል ነው፤ የሚያበራውም ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በሰከንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ሲገባ ነው። ሙቀቱም በዋነኛነት የሚመጣው ከሰበቃ ሳይሆን ከፊቱ ያለው አየር መሸሻ አጥቶ በመታመቁ ነው፤ ኳስ የነፋ ሰው የፓምፑ ጫፍ መጋሉን ያስታውሳል። ጅራታም ኮከቦች በመንገዳቸው ትተውት የሚሄዱትን ብናኝ ምድር በየዓመቱ በተወሰነ ቀን ስለምታቋርጠው የተወርዋሪ ዝናብ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። በውጭ መጻሕፍት በብዛት የሚወደሰው የፐርሴይድ ዝናብ ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ስለሚውል እኛ ዘንድ ደመና ይሸፍነዋል፤ ጸሐፊው ለተማሪዎቻችን ይህንኑ መምረጣቸው ከንቱ ድካም ነው። ለእኛ የሚሻለው ታኅሣሥ 4 ሌሊት የሚበረታው የጄሚኒድ ዝናብ ነው፤ ሰማዩ በጋ ነው፤ ብርድ ልብስ ብቻ አይረሳ።

መሬት ሲደርስ እሳት ይለኩሳል የሚለው ለትንንሾቹ ድንጋዮች እውነት አይደለም። ከአየሩ የተረፈ ድንጋይ ገና በአሥሮች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እያለ ፍጥነቱን ያጣል፤ ብርሃኑ ይጠፋል፤ የቀለጠው ቆዳው በነፋስ ተጠርጎ የቀረው ስስ ጥቁር ቅርፊት ሲሆን ውስጡ የጠፈሩን ቅዝቃዜ እንደያዘ በጨለማ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ሰማይ ላይ የፈነዳው 20 ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ 1,500 ያህል ሰዎችን ያቆሰለው፣ በአብዛኛው የፍንዳታው ግፊት የሰበረው የመስኮት መስታወት ስለቆረጣቸው ነው።

ጸሐፊው በመጨረሻ «የሚወድቀውን ድንጋይ አስቀድሞ ያወቀ ሰው የለም» ይላሉ። ለዚህ መልሱ ከጎረቤታችን አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2008 በአሪዞና የሚገኙ ተመልካቾች 4 ሜትር ገደማ የሆነ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር የጠፈር ድንጋይ፣ ወደ ምድር ሲመጣ አዩ፤ የሚገባበት ሰዓትና ስፍራ ተሰልቶ ከ20 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 27 ቀን 2001 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ በተባለው ቦታ በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ 37 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈነዳ። ከሁለት ወር በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ መምህርና ተማሪዎች አንድ የውጭ ተመራማሪን ይዘው ወደ ስፍራው ሄዱ፤ ጎን ለጎን ተሰልፈው በረሃውን በእግራቸው አሰሱት። በአሸዋው ላይ ጥቁር ሆኖ የታያቸውን ጠጠር ሁሉ እያነሡ ሄደው በተከታዮቹ ፍለጋዎች ወደ 600 የሚጠጉ ስብርባሪዎች፣ በድምሩ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ተገኙ። ድንጋዮቹ በአቅራቢያው ባለው የባቡር ጣቢያ ስም አልመሐታ ሲታ፣ ማለትም ስድስተኛው ጣቢያ፣ ተብለው ይጠራሉ።